በሰሌዳው ግራ ጥግ

ገብረየስ ከሁሉም በላይ የሚኮራበት ነገር ዓይኑ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት በመሬት ቀያሽነት ሲሠራ፣ መሣሪያው ገና ሳይተከል አንድ ዓይኑን ጨፈን አድርጎ «ይህ ግድግዳ ሁለት ሴንቲ ወደ ጓሮ ጋደል ብሏል» ይላል፤ ሲለካም እውነትም ሁለት ሴንቲ ሆኖ ይገኛል። ጡረታ ከወጣ በኋላ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ላይ በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ታች የሚያልፈውን ሚኒባስ ታርጋ ጮክ ብሎ ማንበብ ያዘ። ማንም አልጠየቀውም፤ ግን ያነባል። መነጽር ያደረጉ እኩዮቹን ሲያይ ደግሞ ከንፈሩን ይመጥላቸዋል።

ሁለተኛው ኩራቱ ዳማ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ከምሳ በኋላ በመገናኛ በኩል አድርጎ ገርጂ ይሄድና፣ ካሊድ የሚባለው ጓደኛው የህንፃ መሣሪያ መደብር ደጃፍ፣ የቆርቆሮው ጥላ ሥር ይቀመጣል። ሰሌዳውን ካሊድ ራሱ ከተራረፈ ጣውላ ቆርጦ ቀለም ቀብቶታል። ጠጠሮቹ የለስላሳ ቆርኪዎች ናቸው፤ የገብረየስ በፊታቸው፣ የካሊድ በጀርባቸው ይደረደራሉ።

ጓደኝነታቸው ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። ያኔ ገብረየስ የገርጂን መንገድ ሊቀይስ መጥቶ ሚስማር ለመግዛት ወደ መደብሩ ገባና፣ ከሰላምታው በፊት «መደርደሪያህ ተንጋዷል» አለው። ካሊድ ተናዶ ውሃ ልክ አምጥቶ ለካ። ተንጋዷል። «በል ተቀመጥና ሻይ ጠጣ» አለው፤ በዚያው ተቀመጠ። መደርደሪያው እስከ ዛሬ አልተስተካከለም፤ ገብረየስም እስከ ዛሬ ሳያነሳው የዋለበት ቅዳሜ የለም።

ነገር የተበላሸው ካለፈው መስከረም ወዲህ ነው። ገብረየስ መሸነፍ ጀመረ። መጀመሪያ አንድ ቅዳሜ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ በተከታታይ። አሸናነፉም የሚያበሽቅ ነበር። መሐሉን ጠርንፎ ይዞ፣ ካሊድን መላወሻ ከልክሎ፣ ድንገት ከግራ ጥግ አንዲት ቆርኪ ከየት መጣሽ ሳትባል ብቅ ትልና ሁለት ሦስት ጠጠር በልታ ትነግሣለች። በዚያ ላይ የጨዋታው ደንብ አለ፤ መብላት እየቻለ ያልበላ ጠጠር ይወሰዳል። የገብረየስ ጠጠሮች በዚህ ደንብ ተለቅመው አለቁ።

«የሚበላ ነበር እኮ፣ ጋሽ ገብሬ» ይለዋል ካሊድ፣ በሁለት ዓመት ስለሚያንሰው ግማሽ በቀልድ ግማሽ በአክብሮት።

«የት?»

«ይኸው፣ በግራህ።»

ገብረየስ ዞር ብሎ ሲያይ እውነትም አለ። ግን ቅድም አልነበረም። አልነበረም!

ካሊድ በዚያ ሰሞን ሌላም መጥፎ ልማድ አምጥቷል። ጨዋታው ሲጋጋል ይስለዋል፤ ጉሮሮውን ይጠራርጋል፤ በጣቱ ሰሌዳውን ቋ ቋ ያደርጋል። ገብረየስ ይህንንም መዝግቦ ያዘ። የሰው ሐሳብ ለመበተን ካልሆነ ማን በሰላሙ ጣውላ ሲደበድብ ይውላል?

የአዲስ አበባ ሰው ጠባይም የተበላሸው በዚያው ጊዜ ነው፤ በገብረየስ ሒሳብ። መገናኛ ላይ ያለው ሰው ሁሉ የእሱን ግራ ትከሻ ካልገጨ አያልፍም። ይቅርታ የሚል የለም፤ ጭራሽ «አባባ፣ አያዩም እንዴ?» ብለው ይቆጡታል። የመኝታ ቤቱ በር እንኳን አልማረውም። ሁለት ቀን ተከታትሎ ክርኑን ሲልጠው «አጥብበው ነው የሠሩት!» ብሎ ሜትር አውጥቶ ለካው። ልኩ ትክክል ነው። እሱም ሜትሩን ጠረጠረ።

ቀያሽ ነውና ያለ ማስረጃ ሰው አይከስም። አንድ ዓርብ ማታ እራት ላይ ልጁን ቤዛዊትን አማከራት። ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው፤ ቦሌ አንድ የጉዞ ወኪል ቢሮ ትሠራለች።

«ነገ ከእኔ ጋር ገርጂ ትመጪና በስልክሽ ትቀርጪዋለሽ። ካሊድ ቆርኪ እያንሸራተተ ነው።»

«ጋሽ ካሊድ? አባዬ፣ አሞሃል እንዴ?»

«አንቺ አይደለሽ ሁልጊዜ ፕሩፍ የምትዪው? እንግዲያው ፕሩፍ አምጪ።»

ቤዛዊት አባቷን ታውቀዋለች፤ ከመጨቃጨቅ መሄድ ይቀላል። በማግስቱ ደረሱ። «ለቲክቶክ ነው፣ ጋሽ ካሊድ» ብላ ስልኳን ስታወጣ ካሊድ ኮፍያውን አስተካክሎ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

«ነይ ልጄ፤ እኔን አሳምረሽ አውጪኝ። አባትሽን ግን እንዳለ ተይው» አላት።

ደቻሳ ከጎን ሳቀ። ደቻሳ የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ አሁን የዳማው ቋሚ ተመልካችና ማንም ያልሾመው ዳኛ ነው። ቤዛዊት ከትከሻው ጀርባ ቆማ ሰሌዳውን ከነተጫዋቾቹ ቀረጸች።

ጨዋታው እንደ ወትሮው ሄደ። ገብረየስ መሐሉን ያዘ፤ ካሊድ ሳለ፤ ቋ ቋ አደረገ፤ ገብረየስ በሆዱ «ቀረጽኩህ» አለ። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሦስት ጨዋታ ተሸነፈ። በሦስተኛው ላይ ያቺው የግራ ቆርኪ ከምድር እንደ በቀለች ሁሉ ብቅ ብላ ስትነግሥ ትዕግሥቱ አለቀ። ብድግ አለ።

«አንተ ሰው አጭበርባሪ ነህ!»

ከጎረቤት ሱቅ ሰው ብቅ ብቅ አለ። ካሊድ እጁ በአየር ላይ ቀረ።

«ይህች ቆርኪ አሁን ነው የገባችው። ቅድም እዚህ ከነበረች ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

ካሊድ አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻል ነበር። ገብረየስን፣ ይልቁንም የገብረየስን ዓይኖች፣ ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

«በዓይንህ አትማል፣ ገብሬ» አለው። ጋሽ የምትለዋ ቀርታለች። ከዚያ ቆርኪዎቹን በጣሳቸው ሰብስቦ፣ ሰሌዳውን በብብቱ ይዞ፣ ወደ መደብሩ ገባ። ደቻሳም መሬት መሬት እያየ ሄደ።

ገብረየስ ቤቱ እስኪደርስ አላስቻለውም። ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ «አምጪው ማስረጃውን» አለ። ቤዛዊት ስልኩን ከቴሌቪዥኑ ጋር አገናኘችለት። ምስሉ ትልቅ ሆኖ መጣ፤ ቆርኪዎቹ የቡና ስኒ አክለው ይታያሉ።

የግራዋ ቆርኪ ቦታዋ ላይ ነበረች። ከመጀመሪያው ጀምሮ እዚያው ናት፤ ማንም አላንሸራተታትም። ገብረየስ ወደ ፊት ሰገግ አለ። ከዚያ አንድ ጣት ወደ ምስሉ ገባ፤ ከቆርኪዋ አጠገብ ሰሌዳውን ቋ ቋ አደረገና ወጣ። እንደገና ገባ፤ ቋ ቋ።

«ይህ ጣት የማነው?»

«የጋሽ ካሊድ ነዋ።»

«መቼ ነው ያደረገው?»

ቤዛዊት ዞር ብላ አየችው። «አባዬ፣ አንተ እኮ ፊት ለፊቱ ተቀምጠሃል።»

እንደገና አዩት። ድምፁን ሰምቶታል፤ ጣቱን ግን አላየውም። በሦስቱ ጨዋታ ካሊድ አሥራ አንድ ጊዜ ሰሌዳውን መትቷል፤ አሥራ አንዱም ጊዜ ገብረየስ ሊበላት ከሚችላት ከራሱ ከካሊድ ጠጠር አጠገብ። «ይህችን ብላኝ» እያለው ነበር። ደቻሳ አንድ ሁለቴ ሊናገር ሲጀምር ካሊድ በዓይኑ ይገሥጸዋል። ገብረየስም በዚያ ሁሉ መሐል የነገሠ ሰው መስሎ መሐሉን ያያል። ሰውየው ለወራት ራሱን እያስበላ ሊረዳው ሲሞክር፣ እሱ በአደባባይ አጭበርባሪ ብሎታል። አፈረ፤ በጣም አፈረ። ቀጥሎ የመጣው ፍርሃት ነበር።

«እየኝ፤ አፍንጫዬን ብቻ እይ» አለችው ቤዛዊት፤ እጇን ከግራው በኩል ቀስ እያደረገች አመጣች። «ጣቴ ሲታይህ ንገረኝ።»

ጣቷ አፍንጫው አካባቢ ሲደርስ ነው «አሁን» ያለው። ያን ጊዜ የግራዋ ቆርኪ፣ የበሩ ጥበት፣ የመገናኛ ሰው ጠባይ ሁሉ አንድ ላይ ገባው።

ማክሰኞ ጠዋት ኦሎምፒያ አካባቢ ወደሚገኝ የዓይን ክሊኒክ ሄዱ። ግድግዳው ላይ ያለውን ፊደል ያንብቡ ሲባል፣ ገብረየስ ያልተጠየቀውን የመጨረሻውን ደቃቅ መስመር፣ ከሥሩም የማተሚያ ቤቱን ስም ጨምሮ አነበበ። ዶክተር ሳምራዊት ሳቀች።

«ፊት ለፊት የሚያዩት እኔን ያስቀናል። እኔ የምፈልገው ግን ዳር ዳሩን ነው» አለችው።

ዓይኑን በጠብታ አደንዝዛ፣ በሰማያዊ መብራት ግፊቱን ለካች፤ ግራው ሠላሳ አንድ፣ ቀኙ ሃያ ሰባት። ከሃያ አንድ በላይ ሲሆን እንጠረጥራለን አለችው። ከዚያ አገጩን አስደግፎ ትልቅ ነጭ ጎድጓዳ ነገር ውስጥ እንዲያይ፣ ብልጭታ ባየ ቁጥር እጁ ላይ ያለውን ቁልፍ እንዲጫን ተነገረው። ገብረየስ ጨዋታ ሲሆን አይቻልም፤ ከማሽኑ ጋር እልህ ተጋባ። ጨርሶ ሲወጣ «ዘጠና ከመቶ አላነስኩም» ብሎ ነበር።

ውጤቱ ወረቀት ላይ ታትሞ መጣ። ለቀያሽ ካርታ ማስረዳት አያስፈልግም። ነጭ መሬት፣ በግራው በኩል ሰፊ ጥቁር። ዶክተሯ ከመናገሯ በፊት ገባው።

«ግላኮማ ይባላል» አለች፣ ወንበሯን ወደ እሱ አስጠግታ። «በዓይን ውስጥ የሚመላለስ ፈሳሽ አለ፤ መውጫው ሲጠብ ግፊቱ ይጨምርና የሚያየውን ነርቭ ቀስ በቀስ ይጎዳዋል። አያምም፣ አይቀላም። ብዙ ጊዜ ከዳር ነው የሚጀምረው፤ ሰው የሚነቃው መሐል ሲደርስ ነው። የግራው ዓይንዎ ብዙ ተጎድቷል፤ የቀኙም ጀምሮታል።»

«ግን እኮ ዳማ ስጫወት ቆርኪው ጠፋኝ እንጂ ጥቁር ነገር አይቼ አላውቅም።»

«ጥቁር ሆኖ አይታይም። አእምሮ የጎደለውን በዙሪያው ባለው ይሞላዋል። ቆርኪው ያለበት ቦታ ባዶ ጣውላ ሆኖ ይታይዎታል።»

ገብረየስ ልጁ እንዳትሰማው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ዶክተር፣ ቅዳሜ ዕለት ዓይኔን ግንባር ያድርገው ብዬ ምዬ ነበር።»

«በሐሰት?»

«በስሕተት።»

«ይህ ከጀመረዎት አምስት ዓመት ሳይሞላው አይቀርም፤ የቅዳሜው መሐላ አርፍዷል» አለችው። ከዚያ ፊቷ ኮስተር አለ። «የጠፋው አይመለስም፣ አልዋሽዎትም። የቀረውን ግን ማቆየት እንችላለን። ይህን ጠብታ በየማታው ለሁለቱም ዓይን፣ አንድ አንድ። ጨምረው ሲጨርሱ ዓይንዎን ጨፍነው በአፍንጫዎ በኩል ያለውን ጥግ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጫኑት፤ መድኃኒቱ ወደ ጉሮሮ እንዳይወርድ። ለውጥ አይሰማዎትም፤ ሰው የሚያቆመው ለዚያ ነው። እርስዎ እንዳያቆሙ።»

«እስከ መቼ?»

«ማየት እስከፈለጉ ድረስ።»

«በቤተሰብም ይሄዳል» ብላ ቤዛዊትንም መረመረቻት። የእሷ ደህና ነበር፤ በየጊዜው እየመጣች እንድትታይ ቀጠሮ ተሰጣት። ጎንደር ላሉት ለገብረየስ ወንድሞችም በዚያው ቀን ተደወለ። አንደኛው «ዓይኔ እንደ አንተው ነው፣ የንስር» ሲል ገብረየስ «ለዚያ ነው የምደውለው» ብሎ ጮኸበት።

ጠብታውን መልመድ ቀላል ሆነ። ከማታው ዜና በፊት ቤዛዊት «አባዬ፣ ዓይን!» ትላለች፤ እሱ ይጋደማል። ያልቀለለው ገርጂ መሄድ ነበር። ሁለት ቅዳሜ ቤቱ ዋለ። በሦስተኛው ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና ተሳፈረ፤ መገናኛ ላይም አንገቱን ወደ ግራ እያዞረ ስለሄደ ማንም አልገጨውም።

ካሊድ መደብሩ ውስጥ ለደንበኛ ቁልፍ እያሳየ ነው። ገብረየስ ደጅ ቆሞ ምን እንደሚል ጠፋው። ባደገበት አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ ነው ይቅርታ የሚለው። ዙሪያውን ቢያይ ድንጋይ የለም። የካሊድ ብሎኬት ግን ደጃፉ ላይ ተከምሯል። አንዱን ብድግ አድርጎ ማጅራቱ ላይ ጫነና ጎንበስ ብሎ ገባ። ደንበኛው ቁልፉን ጥሎ ወጣ።

«ካሊድ፣ በድዬሃለሁ።»

ካሊድ ከብሎኬቱ እስከ ጫማው አየው። «አስቀምጠው» አለ። «የሚሸጥ ነው፤ ትሰብረዋለህ።»

«ይቅር ብለኸኛል?»

«ወገብህ ሳይቆረጥ አስቀምጠው አልኩህ!» ብሎ ራሱ መጥቶ አወረደለት። ተያይተው ሳቁ፤ ከዚያ ተቃቀፉ። የገብረየስ ትከሻ በሲሚንቶ ነጭቶ ነበር፤ ካሊድ በእጁ አራገፈለት።

ጥላው ሥር ተቀምጠው ገብረየስ ካርታውን ዘረጋ። ካሊድ ጥቁሩን በጣቱ ዳሰሰው።

«የእናቴም እንዲህ ነበር» አለ። «እናቴ ሀጀር መጀመሪያ ከበር ጋር ትጋጭ ነበር። እኛ እርጅና ነው ብለን ሳቅን። በመጨረሻ ፊቴን በእጇ እየዳሰሰች ነው የምትለየኝ። አንተን ሳይ እሷ መጣችብኝ።»

«ታዲያ ለምን አትነግረኝም?»

«ሁለቴ ነገርኩህ እኮ! ‹የእኔ ዓይን የሚሊሜትር ዓይን ነው› ብለህ ሳቅክብኝ። እኔም በሰሌዳው ልንገረው አልኩ።»

ገብረየስ አንገቱን ደፋ። ከዚያ የዶክተሯ ቃል ትዝ ሲለው ቀና አለ። «ካሊድ፣ በቤተሰብ ይሄዳል ብላናለች። አንተስ ተመርምረሃል?»

ካሊድ ቆርኪዎቹን መደርደር ያዘ። «ሥራ በዝቶብኝ...»

«እናትህ ካረፉ ስንት ዓመት ሆነ?»

«ዘጠኝ።»

«ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ሥራ በዛብህ?»

ይህ ገበያ የማይፈራ፣ ከጉምሩክ ጋር ተከራክሮ የሚረታ ሰው ፊቱን ወደ መንገዱ አዞረ። ገብረየስ ፍርሃቱን አወቀው፤ ሦስት ሳምንት አብሮት አድሯል። ጓደኛውን ጎትቶ እንደማይወስደው ያውቃል። የሚያውቀው መንገድ አንድ ብቻ ነው።

«እንጫወት» አለ። «ካሸነፍኩህ ማክሰኞ ኦሎምፒያ አብረን እንሄዳለን። ካሸነፍከኝ ሁለተኛ ስለ መደርደሪያህ አላነሳም። ቋ ቋ ማድረግ ክልክል ነው።»

«እስከ ዕድሜ ልክ አታነሳም?» አለ ደቻሳ፣ ከየት እንደመጣ ሳይታወቅ። «ካሊድ፣ ተቀበል!»

ተቀበለ። ገብረየስ ከእያንዳንዱ እርምጃ በፊት አንገቱን እንደ ዶሮ ወደ ግራ ያዞራል፤ ጥጉን ያያል፤ ይመለሳል። ጊዜ ይወስድበታል፤ ደቻሳ ያዛጋል፤ እሱ ግድ የለውም። ያቺን የግራ ቆርኪ በአራተኛው ዙር ላይ በላት፤ ደቻሳም እንደ ኳስ ደጋፊ ጮኸ። ካሊድ ግን የዋዛ አልነበረም፤ መልሶ ያዘው። ሦስት ለሦስት ቀሩ። ገብረየስ ደጋግሞ ቆጠረ፤ ቢያገላብጠው ካሊድ አንድ ጠጠሩን መብላቱ አይቀርም፤ ለእሱ ያለቀለት ጨዋታ ነው። ተራው የካሊድ ነበር፤ የሚበላው የገብረየስ ጠጠርም በካሊድ ቀኝ፣ በጥላው ጥግ በኩል ተጋልጧል።

ካሊድ እጁን አነሣ። ቆርኪዋን አለፋትና ሌላ ጠጠር ገፋ።

ገብረየስ ከሰሌዳው ቀና ብሎ ካሊድን አየው። አላያትም! እሱ ላይ የደረሰው በካሊድም ደርሷል። ውርርዱን ረሳው፤ ክልከላውንም ረሳው፤ ጣቱን ዘርግቶ ከቆርኪዋ አጠገብ ሰሌዳውን ቋ ቋ አደረገ።

«ካሊድ፣ በቀኝህ። የሚበላ አለህ። አይታይህም?»

ካሊድ ቀና አለ። ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ አፉ ግን እየሳቀ ነበር።

«ጣትህን አንሳ፣ ጋሽ ገብሬ። ከተቀመጥኩ ጀምሮ አይቻታለሁ» አለው። «ማክሰኞ ስንት ሰዓት ነው ያልከው?»

ገብረየስ ሰሌዳው ላይ ጎንበስ አለ። ደንብ ደንብ ነውና፣ መብላት እየቻለች ያልበላችውን የካሊድን ጠጠር አንሥቶ በመዳፉ ያዛት።

«ሦስት ሰዓት» አለ። «መደርደሪያህ ግን አሁንም ተንጋዷል።»